ድምፅ ቦታውን ሲናገር



ራዲዮ ወሬን፣ ዘፈንንና ትምህርትን የሚያደርስልን መሣሪያ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ነገር ግን ማንም ሳያዝዘው የሚናገራቸው ሌሎች ሁለት ነገሮች አሉ፤ እነርሱም ድምፁ ከየት አቅጣጫ እንደ መጣና ሰዓቱ ስንት እንደ ሆነ ነው። እነዚህን ሁለቱን ማዳመጥ የሚያውቅ ሰው፣ ባዕድ በሆነ ምድር ላይ እንኳ ቢሆን፣ የቆመበትን ቦታ ለማግኘት ይችላል። የዛሬው ንግግራችን ስለዚህ ዕውቀት ታሪክ ነው። ታሪኩም ከአገራችን ምዕራባዊ ክፍል፣ ከአሶሳ፣ ከበለያና ከጉባ ምድር ጋር የተሳሰረ ስለ ሆነ፣ ከዚያው እንጀምራለን።

በልጅነቴ በአሶሳ ገበያ አጠገብ አንድ ሱቅ ነበር። ባለሱቁ አሮጌውን የባትሪ ራዲዮ በመደርደሪያው ላይ ሁልጊዜ በአንድ አኳኋን ያስቀምጠው ነበርና፣ ነክቶ ያዞረው ልጅ የተገኘ እንደ ሆነ «ድምፁን ገደላችሁት!» እያለ ይቆጣ ነበር። እኛ ልጆች የሽማግሌ ጠባይ ነው እያልን እንስቅ ነበር። ዕድሜዬ ከፍ ብሎ ነገሩን በመጻሕፍት ሳገኘው ግን እውነቱ ከባለሱቁ ጋር ሆኖ አገኘሁት። መካከለኛ ሞገድ በሚቀበል ራዲዮ ውስጥ ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለበት አንድ ጥቁር ዘንግ አለ። ዘንጉ ጎኑን ለማሰራጫው ጣቢያ የሰጠ እንደ ሆነ ድምፁ ይጎላል፤ ጫፉን ወደ ጣቢያው ያቀና እንደ ሆነ ግን ይደክማል፣ አንዳንድ ጊዜም ፈጽሞ ይጠፋል። ስለዚህ ራዲዮውን በእጁ ይዞ ቀስ እያለ የሚያዞር ሰው፣ ድምፁ የጠፋበትን አኳኋን ባገኘ ጊዜ ጣቢያው ያለበትን መስመር አገኘ ማለት ነው። በስተፊት ይሁን በስተኋላ ግን ዘንጉ አይለይም፤ ይህን የሰው አእምሮ ይጨምርበታል።

ስለ አቅጣጫ በኋላ እንመለስበታለን። አስቀድመን ግን ራዲዮ ያልነበረበትን ዘመን ማስታወስ ያስፈልጋል።

በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት፣ ግንቦት 7 ቀን 1894 ዓ. ም. በአዲስ አበባ ከእንግሊዝ መንግሥት ጋር የተፈረመው ውል የኢትዮጵያንና የሱዳንን ድንበር ይወስናል። ውሉ ድንበሩን ከኮር ኡም ሐጀር ተነሥቶ በገላባት፣ በአባይ፣ በባሮ፣ በፒቦርና በአኮቦ እየመራ ወደ ደቡብ ያወርደዋል። መጨረሻውን ግን በተራራ ወይም በወንዝ አላሰረውም፤ 6ኛው የሰሜን ኬክሮስና 35ኛው የምሥራቅ ኬንትሮስ በሚገናኙበት ነጥብ ላይ አሳረፈው እንጂ። ሁለት ቁጥሮች ብቻ ናቸው። ይህንንም መስመር በምድር ላይ ያመለከተው እንግሊዛዊው ሻለቃ ቻርልስ ጉዊን ሲሆን፣ በ1895 ዓ. ም. ሥራውን ሲፈጽም ከኢትዮጵያ በኩል የተወከለ ሰው አብሮት አልነበረም። የዚህ ጣጣ እስከ ዛሬ ድረስ ሲያነጋግር መኖሩን አድማጮቼ ያውቁታል።

ኬክሮስ የሚባለውን፣ ማለት ከምድር ወገብ ወደ ሰሜንና ወደ ደቡብ ያለውን ልክ ለማወቅ እምብዛም አያስቸግርም። የፀሐይን ወይም የኮከብን ከፍታ በመሣሪያ መለካት ይበቃል። የሚያስቸግረው ኬንትሮስ ነው። ምድር በ24 ሰዓት አንድ ጊዜ ትዞራለችና፣ 15 ዲግሪ ማለት አንድ ሰዓት፣ አንድ ዲግሪም 4 ደቂቃ ነው። እንግዲህ አንድ ሰው ያለበትን ኬንትሮስ ለማወቅ ሲፈልግ፣ በቆመበት ቦታ ቀትር በሆነ ጊዜ በግሪኒች ወይም በፓሪስ ስንት ሰዓት እንደ ሆነ ማወቅ አለበት። ይህን የሚነግረው በበቅሎ ጭነት ላይ ሲንገላታ የከረመ ሰዓት ነበር። በአሶሳ አካባቢ የአንድ ሰከንድ ስሕተት በምድር ላይ 457 ሜትር ያህል ይሆናል። ሰዓቱ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቢሳሳት ስሕተቱ ከ27 ኪሎ ሜትር ይበልጣል፤ በዚያ አገር ደግሞ 27 ኪሎ ሜትር አንድን መንደር ከአንዱ መንግሥት ወደ ሌላው ሊያሻግር የሚችል ርቀት ነው። የቴሌግራፍ ሽቦ የደረሰበት ቦታ በሽቦው ሰዓቱን ያስተካክል ነበር፤ ሽቦ ያልደረሰበት ግን በዚያው በሚንገላታው ሰዓት ሲመራ ይኖር ነበር።

ይህን ችግር የፈታው ራዲዮ ነው። ግንቦት 15 ቀን 1902 ዓ. ም. በፓሪስ ከተማ የኤፌል ግንብ በራዲዮ የሰዓት ምልክት መስጠት ጀመረ። ምልክቱ በመጀመሪያ የታሰበው በባሕር ላይ ላሉ መርከቦች ነበር፤ ነገር ግን ሞገድ ባሕርና የብስ አይለይምና በየበረሃው ያሉ መሬት ለኪዎች ሁሉ ተጠቀሙበት። ከዚያ ወዲህ ቦታን ለማወቅ ሰዓትን በጭነት ማጓጓዝ ቀረ፤ ሰዓቱ ራሱ በአየር ይመጣላቸው ጀመር።

ነገሩ ለቢሮ ሠራተኛ ሩቅ መስሎ እንዳይታይ፣ ከራሳችን ሰዓት ጋር ላስተያየው። አዲስ አበባ በ38 ዲግሪ ከ45 ደቂቃ ኬንትሮስ ላይ ስትሆን፣ አሶሳ በ34 ዲግሪ ከ32 ደቂቃ ገደማ ላይ ናት። ልዩነቱ በሰዓት ሲቆጠር 17 ደቂቃ ያህል ነው። የአዲስ አበባው ጸሐፊና የአሶሳው ጸሐፊ በአንድ የራዲዮ ደወል ወደ ሥራ ይገባሉ፤ ፀሐይ ግን ለአሶሳው ሰው 17 ደቂቃ ትዘገይበታለች። አባቶቻችን ጥላን በእግር እየሰፈሩ ሰዓት በሚለዩበት ዘመን እያንዳንዱ አገር የራሱ ቀትር ነበረው፤ ይህም ልዩነት በማንም ዘንድ አይታወቅም ነበር። የሚታወቀው ሁለቱ ሰዎች በአንድ ቅጽበት አንድ ድምፅ የሰሙ እንደ ሆነ ብቻ ነው። ያ ድምፅ ራዲዮ ነው።

አሁን ወደ ጦርነቱ ዘመን እንለፍ። ነሐሴ 6 ቀን 1932 ዓ. ም. በኮሎኔል ዳንኤል ሳንድፎርድ የሚመራው፣ «ተልእኮ 101» የተባለው አነስተኛ ጓድ፣ በዝናቡ ወራት ከሱዳን ተነሥቶ ወደ ጐጃም ገባ። በእንስሳት ጭነት መካከል የራዲዮ መሣሪያም ነበር፤ ከካርቱም ጋር የሚያገናኘው ክር እርሱ ነበርና። ጥር 12 ቀን 1933 ዓ. ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በኦሜድላ ድንበሩን አልፈው ሰንደቅ ዓላማውን ሰቀሉ። ከዚያም ጉዞው ወደ በለያ ተራራ ሆነ። በኦሜድላና በበለያ መካከል ያለው ምድር ቀርከሃና ቁጥቋጦ የሞላበት፣ በደረቅ ፈፋዎች የተቆራረጠ፣ መንገድ የሌለበት ቆላ ነው። የነበረው ካርታም ባዶው ከጽሑፉ የሚበዛ ነበር። ሻለቃ ቼዝማን የተባለው፣ በዳንግላ የእንግሊዝ ቆንስል የነበረ ሰው፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት የአባይን መንገድ በእግሩ እየተከተለ ባይነድፈው ኖሮ ባዶው ከዚህም በባሰ ነበር። የኦርድ ዊንጌት ሠራዊት በኮምፓስ እየተመራ በዚያ ምድር ሲያልፍ፣ መኪናዎቹ በፈፋው እየተያዙ ቀሩ፤ ግመሎቹም በብዛት አለቁ። ንጉሠ ነገሥቱ በለያ የደረሱት በጥር ወር መጨረሻ ነው።

ኮምፓስ ሰሜን ወዴት እንደ ሆነ ይናገራል፤ አንተ የት እንደ ሆንህ ግን አይናገርም። ራዲዮ ቢሆን ይናገር ነበር፤ ነገር ግን በጦርነት ጊዜ ራዲዮ ሁለት ስለት ያለው ሰይፍ ነው። በሩቅ የተቀመጠ ጠላት በሁለት ቦታ ሆኖ የሚሽከረከር አንቴና ይዞ ያዳመጠ እንደ ሆነ፣ መልእክቱ በምሥጢር ቋንቋ የተጻፈ ቢሆንም እንኳ ተናጋሪው ያለበትን ቦታ ያገኘዋል። ስለዚህ በዚያ ጦርነት በየግንባሩ የነበሩ የራዲዮ ሠራተኞች አጭር መናገርንና ቶሎ ቦታ መለወጥን ተማሩ። በዚያው ዓመት፣ መጋቢት 2 ቀን፣ ከቤልጅግ ኮንጎ የመጣው ጦር በሱዳን በኩል ዞሮ አሶሳን ከኢጣሊያኖች እጅ አስለቀቀ።

ለሰላማዊ ሕዝብ የተሠራ ማሰራጫም ቢሆን ከዚህ ነገር አላመለጠም። ኅዳር 28 ቀን 1934 ዓ. ም. የጃፓን አይሮፕላኖች ፐርል ሃርበርን ለመደብደብ ሲሄዱ፣ መሪያቸው የሆኖሉሉን የራዲዮ ጣቢያ ዘፈን በአቅጣጫ ጠቋሚው ይዞ ነበር የተጓዘው። ጣቢያው ዘፈኑን ያሰማ የነበረው ለከተማው ሕዝብ ነው፤ ሞገዱ ግን ለወዳጅም ለጠላትም እኩል መንገድ አሳየ። እንግሊዞች ይህን አስቀድመው ስለ ተጠነቀቁ፣ የቢቢሲን ማሰራጫዎች ብዙዎቹን በአንድ ሞገድ ላይ አድርገው በአንድነት ያናግሯቸው ነበር፤ ድምፁ ከየቦታው በአንድ ጊዜ ሲመጣ የጀርመን አብራሪ የቱን ይዞ ይሂድ? አሜሪካኖችም ከ1951 እስከ 1963 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ድረስ፣ የጠላት አይሮፕላን መጣ በተባለ ጊዜ የአገሪቱ ጣቢያዎች በ640 እና በ1240 ኪሎኸርዝ ብቻ እንዲናገሩ ደንብ አውጥተው ነበር።

ከጦርነቱ በኋላ ግን ያው ጥበብ ለመንገደኛ አገለገለ። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ. ም. የመጀመሪያውን በረራ በአስመራ በኩል ወደ ካይሮ ሲያደርግ፣ የነበሩት አይሮፕላኖች ከጦርነቱ የተረፉት ዳግላስ ሲ-47ዎች ነበሩ። የዚህ ዓይነት አይሮፕላኖች የራዲዮ ኮምፓስ የሚባል መሣሪያ ነበራቸው። ይህም የባለሱቁ ጥቁር ዘንግ ታላቅ ወንድም ነው፤ በላዩም ሁለተኛ አንቴና ስለ ተጨመረበት የፊቱንና የኋላውን ይለያል። መሣሪያው በአየር ማረፊያ አጠገብ የተተከለውን አመልካች ጣቢያ ይከተላል፤ ከዚህም ሌላ ማንኛውንም መካከለኛ ሞገድ ስለሚቀበል፣ አብራሪው የዜና ጣቢያ ከፍቶ መርፌው ወደዚያው እንዲያመለክት ለማድረግ ይችላል።

አንድ አብራሪ በአሶሳ ሰማይ ላይ ሆኖ ከበታቹ ደመና ምድሩን ሸፈነበት እንበል። የአዲስ አበባን ጣቢያ ሲከፍት መርፌው ወደ ምሥራቅ፣ ጥቂት ወደ ደቡብ ያዘነበለ ይሆናል፤ ርቀቱም በቀጥታ መስመር 480 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከ1940 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ጀምሮ ሲናገር የኖረውን የኦምዱርማንን ጣቢያ ሲከፍት ደግሞ መርፌው ወደ ሰሜን፣ ጥቂት ወደ ምዕራብ ያዘነበለ ይሆናል፤ ይህም 660 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ሁለቱን መስመሮች በካርታው ላይ በእርሳስ ያሰመረ እንደ ሆነ፣ የሚገናኙት አሶሳ ላይ ነው። የመስመሮቹ መቆራረጫ ማዕዘን ሰፊ በመሆኑም ለዚህ ሥራ አሶሳ የታደለች ከተማ ናት ለማለት ይቻላል። ሁለት ጣቢያዎች በአንድ አቅጣጫ የሚያገኙት ከተማ ይህን ዕድል አያገኝም።

ይሁን እንጂ መርፌው አንድ ዲግሪ የተሳሳተ እንደ ሆነ፣ በአዲስ አበባ ርቀት ስሕተቱ ከ8 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። አምስት ዲግሪ ከሆነ ደግሞ ከ40 ኪሎ ሜትር ያልፋል፤ ይህም ለድንበር አገር የሚያስፈራ ነው። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ማታ ነው። ፀሐይ ስትጠልቅ መካከለኛ ሞገድ ከላይኛው አየር እየተንጸባረቀ ይመጣልና መርፌው ይቅበዘበዛል። ማታ ማታ የሩቅ አገር ጣቢያዎች በራዲዮአችን ውስጥ እየተደራረቡ ሲያስቸግሩን የምንሰማው ይህንኑ ነው። ለአድማጭ መሰላቸት ነው፤ ለአብራሪ ግን ተራራ ነው።

እዚህ ላይ ወደ ጉባ ልሻገር። ከ1950 እስከ 1956 ዓ. ም. ድረስ የአሜሪካ የመሬት ልማት ቢሮ ከኢትዮጵያ መንግሥት ጋር ሆኖ የአባይን ተፋሰስ ሲያጠና፣ በሱዳን ድንበር አጠገብ ለታላቅ ግድብ የሚሆነውን ሥፍራ አመልክቶ ነበር። ይህን የመሰለ ጥናት ያለ ካርታ አይሆንምና፣ በዚያው ዘመን ከሱዳን እየተያያዘ የመጣ የመሬት ልኬት መረብ በኢትዮጵያ ላይ ተዘረጋ። በአገራችን ካርታዎች ግርጌ «አዲንዳን» የሚል ቃል ያነበባችሁ የቢሮ ሰዎች ምን ማለት ነው ብላችሁ ጠይቃችሁ ይሆናል። የመረቡ መነሻ የሆነ፣ በሱዳንና በግብጽ ወሰን አጠገብ ያለ አንድ የልኬት ነጥብ ስም ነው። ለካርታ የሚያገለግሉ መስመሮች በመነጽር ከተራራ ወደ ተራራ ይለካሉ፤ የኬንትሮሱ ማረጋገጫ ግን በሌሊት ከዋክብትን እያዩ፣ በጆሮ የራዲዮ የሰዓት ምልክት እየሰሙ የሚደረግ ሥራ ነበር። ግድቡ መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ. ም. ተጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ. ም. ተመረቀ።

በዚያው በ1950 ዓ. ም.፣ መስከረም 24 ቀን፣ ሩሲያኖች ስፑትኒክ የተባለችውን የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ጨረቃ ወደ ሰማይ ሰደዱ። ጨረቃይቱ የምታሰማው «ቢፕ ቢፕ» የሚል ድምፅ ብቻ ነበር። በአሜሪካ በጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ ሥር ባለ ቤተ ሙከራ ሁለት ወጣት ሊቃውንት፣ ጋየርና ዋይፈንባክ፣ ድምፁን ሲያዳምጡ ጨረቃይቱ ስትቀርብ እየቀጠነ ስትርቅ እየወፈረ መሄዱን ለኩ፤ የባቡር ጡሩንባ ሲያልፍ እንደሚለዋወጠው ማለት ነው። በዚህ ልኬት ብቻ የጨረቃይቱን መንገድ አገኙ። አለቃቸውም «እናንተ ያላችሁበትን አውቃችሁ እርሷ ያለችበትን ካገኛችሁ፣ እርሷ ያለችበትን ያወቀ ሰው ራሱ ያለበትን ያገኛል» የሚለውን ሐሳብ አመነጨ። የሳተላይት መርከበኝነት የተወለደው ከዚህ ነው። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ዛሬ በየስልካችን ያለው ጥበብ አባቱ ለሌላ ጉዳይ የተላከን ድምፅ ማድመጥ ነበር።

በመካከሉ ኦሜጋ የሚባል ሥርዓት ነበር። በዓለም ዙሪያ ስምንት ታላላቅ ጣቢያዎች ብቻ ሆነው ምድርን ሁሉ ይሸፍኑ ነበር። በእኛ አህጉር በኩል አንዱ በላይቤሪያ፣ አንዱም በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ባለችው በሬዩኒየን ደሴት ነበር። የላይቤሪያው ምሰሶ 417 ሜትር ቁመት ነበረው። ሥርዓቱ የሚሳሳተው በጥቂት ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ የአሜሪካው ጂፒኤስ ሲመጣ አያስፈልግም ተብሎ መስከረም 20 ቀን 1990 ዓ. ም. ተዘጋ።

ጂፒኤስ በእውነቱ ድንቅ ሥራ ነው፤ ይህን የሚክድ የለም። ድካሙ ግን በአፈጣጠሩ ውስጥ ነው። ሳተላይቶቹ ከምድር 20,200 ኪሎ ሜትር ይርቃሉ፤ የማሰራጫቸውም ኃይል ከአንድ የቤት አምፖል እምብዛም የማይበልጥ ነው። ከዚያ ርቀት የሚደርሰው ድምፅ እጅግ የመነመነ በመሆኑ፣ አንድ ሰው አነስተኛ ማወኪያ ይዞ ሊያፍነው፣ ወይም ሐሰተኛ ድምፅ በላዩ ልኮ አይሮፕላኑን ወደ ሌላ ቦታ ሊያሳስተው ይችላል። በሚያዝያ ወር 2016 ዓ. ም. የፊንላንድ አየር መንገድ በኢስቶኒያ ወዳለችው ታርቱ ከተማ የሚያደርገውን በረራ አንድ ወር ያህል አቆመ። ምክንያቱ አይሮፕላን ወይም አብራሪ መጥፋቱ አይደለም፤ የታርቱ አየር ማረፊያ ያለ ጂፒኤስ ማሳረፊያ የሚሆን ሌላ ዘዴ ስላልነበረው፣ የሳተላይቱም ድምፅ ስለ ታወከ ነው። በረራው የቀጠለው በምድር ላይ ባሉ የራዲዮ መሣሪያዎች የሚመራ የማረፊያ ዘዴ ከተዘጋጀለት በኋላ ነው። ደቡብ ኮሪያም ከሰሜን ጎረቤቷ በተደጋጋሚ ማወክ ስለ ደረሰባት በምድር ላይ ወዳለ ኃይለኛ የራዲዮ ሥርዓት ተመልሳለች።

በእኔ አስተያየት አሮጌን ማሰራጫ አሮጌ ነው ብሎ መዝጋት የሒሳብ ሹም ውሳኔ ሊሆን ይችላል፤ የመንገደኛ ውሳኔ ግን አይደለም። ቦታው የታወቀ፣ ድምፁ የማይቋረጥ፣ ኃይሉ ብርቱ የሆነ ጣቢያ ሁሉ ዜናም ቢናገር ዘፈንም ቢያሰማ በሰማይ ላይ ላለ ሰው እንደ ተራራ ምልክት ነው። የዘመኑ ተመራማሪዎችም ወደዚሁ እየተመለሱ ናቸው። በ2021 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ የሚገኙ የዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ለኢንተርኔት የተላኩትን የስታርሊንክ ሳተላይቶች ድምፅ ብቻ፣ በውስጡ ያለውን መልእክት ሳይፈቱ እያዳመጡ፣ ያሉበትን ቦታ ከ8 ሜትር ባነሰ ስሕተት አገኙ። የእጅ ስልክ ማማዎችንም በዚሁ አኳኋን ሞክረዋል። የባለሱቁን ዘንግና የስፑትኒክን «ቢፕ» በአንድነት የሰፉ ሰዎች ናቸው ማለት ነው።

በአሶሳ ያላችሁ አድማጮች ይህን በገዛ እጃችሁ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። በዓመት ውስጥ የፀሐይ ቀትር ከሰዓታችን ጋር እስከ 16 ደቂቃ ድረስ ወዲያና ወዲህ ይላል፤ በሚያዝያ 7 እና 8 ቀን ገደማ ግን ሁለቱ ይስማማሉ። ደግሞም በነዚያው ቀኖች፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ፀሐይ በአሶሳ አናት ላይ ቀጥ ብላ ታልፋለች። አንድ በትር በሜዳ ላይ በቱንቢ ቀጥ አድርጋችሁ ትከሉ፤ ሰዓታችሁንም በራዲዮ ደወል አስተካክሉ። አዲስ አበባ ያለው ወዳጃችሁ ከ6 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ላይ የበትሩ ጥላ ከሁሉ አጥሮ ያየዋል። የእናንተ በትር ግን ገና ወደ ምዕራብ ጥላ ይጥላል፤ ከ6 ሰዓት ከ42 ደቂቃ ላይ ጥላው ከበትሩ ሥር ገብቶ ይጠፋል።